አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ምግብ ስለማግኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለሥራ ከባሕር ዳር መጥቶ አዲስ አበባ አራት ቀን ሰነበተ። ሊሄድ ሲል «እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ከተማችሁ አምሯል፤ ምግባችሁ ግን ዋጋ ብቻ ነው» አለኝ። ልቀየመው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የት የት እንደበላ ሲዘረዝርልኝ ግን ሳቄ መጣ፦ ረቡዕ ማታ ክትፎ፣ ዓርብ ምሳ ጥብስ፣ ቅዳሜ ደግሞ በርገርም ፒዛም ፓስታም ከሚሸጥ ቤት ዶሮ ወጥ። ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካም፣ ከዱባይም፣ ከሐዋሳም የመጡ ዘመዶቼ እንደሱ ሲሞኙ አይቻለሁ። የሚያሞኟቸው ሐሳቦች ተመሳሳይ ስለሆኑ አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ቦሌ ከበላህ አትሳሳትም»

ቦሌ ላይ ግሩም ምግብ ቤቶች አሉ፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን እዚያ ከምትከፍሉት ብር ቀላል የማይባለው ለኪራዩ፣ ለመስታወቱ፣ ለሶፋውና ለመኪና ማቆሚያው የሚሄድ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለውን ሶፋው አይነግራችሁም።

እኔ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የሜኑውን ውፍረት ነው። የከተማዋ አበላል ከድሮም በየምግቡ የተከፋፈለ ነው። ክትፎ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ዓሣ ቤት፣ ፉል ቤት፣ ጭማቂ ቤት እንላለን። ክትፎ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ክትፎ ስለሚሸጥ ሥጋው አያድርበትም፣ ቅቤው ቶሎ ቶሎ ይነጠራል፣ የከታፊው እጅም ያንኑ አንድ ሥራ ለምዷል። ስድስት ገጽ ሜኑ ያለው ቤት ግን ከስድሳው ምግብ ሃምሳው በቀን አንዴ ቢታዘዝ ነው፤ ስለዚህ ከፍሪጅ ነው የሚወጣው። የአክስቴ ልጅ ዶሮ ወጥ ከበርገር ጎን ለጎን ሲጠብቀው የቆየው እንደዚያ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ቁሌት የሚፈልግ ምግብ ነው፣ በትእዛዝ የሚደርስ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው «የት ልብላ?» ከመሆኑ በፊት «ዛሬ ምን ልብላ?» ይሁን። ይህ ደግሞ በቀጥታ ወደ ትልቁ ስሕተት ይወስደናል።

«ሥጋ ካማረኝ በማንኛውም ቀን አገኛለሁ»

ታገኛላችሁ። ግን የትናንቱን።

የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በእነዚህ ቀናት የሥጋ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋ ቤቱም ብዙ አያመጣም። ረቡዕ ማታ የቀረበላችሁ ክትፎ ማክሰኞ ያልተሸጠው ሊሆን ይችላል። 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ብዙ ሥጋ ቤት ጨርሶ ይዘጋል፤ ግድግዳ ይቀባል፣ ሠራተኛው አገር ቤት ይሄዳል፣ ቤቱ ለፋሲካ ይዘጋጃል። ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታም ከተማውን እንዲሁ ያቀዘቅዘዋል። እንግዳ የቀን መቁጠሪያ ሳያይ መጥቶ «ሥጋው ደረቀብኝ» ቢል የሚያዝንለት የለም። ሥጋ ለመብላት የተመረጡት ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ሰኞም ደህና ነው። አንድ ለየት ያለ ወቅት አለ፦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ከውጭ የምትመጡ ሰዎች፣ ለሥጋ ስትሉ ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ (አውቃለሁ፣ አላችሁ) ያኔ ቁረጡ።

የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። የጾም በያይነቱ ጥሩ የሚሆነው በጾም ቀን ነው። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ደህና ቤት ግቡ፦ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ቀይ ሥሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁም ስልጆው ትሪ ሙሉ ይመጣል፤ ሁሉም የዚያን ቀን የተሠራ ነው። ያንኑ በያይነቱ ሐሙስ ብታዙት ከአራት ዓይነት ጎን የቀዘቀዘ ሽሮ ሊመጣላችሁ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ዓርብ ያን ጥብስ ትቶ በያይነቱ ቢያዝ ኖሮ ስለ ከተማችን የሚያወራው ሌላ ነበር።

«እኔ አልጾምም፣ ዓርብ ሥጋ ነው የምፈልገው» የሚል ካለም መንገድ አለ፤ የሙስሊም ምግብ ቤቶች። መርካቶ፣ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወንበር ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ደግሞ የሶማሌ ቤቶች አሉ፤ ሩዙ በሥጋ ይመጣል፣ ጎኑ ላይ ሙዝ ይቀመጣል። ሙዙ ከሩዙ ጋር አብሮ የሚበላ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ጊዜ ለማወራረጃ መስሎኝ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። በረመዳን እነዚህ ቤቶች ቀን ላይ ይዘጋሉ፣ ከአፍጥር በኋላ ይደምቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ቡድናችሁ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለ፣ ሥጋ የምትበሉት የት እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በሥጋ ቤቱ በር ላይ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃ ለጌጥ የተሳለ አይደለም፤ የታረደው በማን እጅ እንደሆነ መናገሪያ ነው። ብዙ ሰው የሌላውን እርድ አይበላም፤ በይሉኝታ ደግሞ አይናገርም፣ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣል።

«ቁጭ ብዬ አስተናጋጅ እጠብቃለሁ»

ሥጋ ቤት ገብቶ «ጥብስ አምጣልኝ» ብሎ መቀመጥ የእንግዳ ምልክት ነው። ተነሡና ወደ መስኮቱ ሂዱ። ሥጋው ተሰቅሏል፤ ቆራጩን ሰላም በሉት፣ የምትፈልጉትን በጣት አሳዩት። ጮማ የሚወድ ሻኛ ይላል፤ ጥብስ የሚፈልግ ጎድን ያስቆርጣል፤ ለጥሬ ታላቅና ታናሽ የሚባሉትን የሥጋ ክፍሎች የሚል አለ። ካላወቃችሁ «ዛሬ የቱ ነው ጥሩው?» ማለት አያሳፍርም። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ዓይናችሁ እያየ ይመዘናል፣ ከዚያ ምን ያህሉ ጥሬ፣ ምን ያህሉ ጥብስ፣ ጥብሱ ደረቅ ይሁን ለስለስ ያለ እዚያው ትናገራላችሁ። ይህን ያደረገና ያላደረገ ሰው ከአንድ ቤት ሁለት የተለያየ ምግብ በልቶ ይወጣል።

«ሚጥሚጣና አረቄ ካለ ኮሶ አይዝም»

ይህ ስለ ጣዕም ሳይሆን ስለ ጤና ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። የኮሶ ትል እጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። አዋዜውም፣ ሚጥሚጣውም፣ ሰናፍጩም፣ ከላዩ የሚደረገው አረቄም እዚያ ድረስ ዘልቆ አይገድለውም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ለቀናት በጥልቅ ማቀዝቀዣ ማቆየት ነው። ለብለብ ክትፎም ሞቅ ይላል እንጂ በስሏል አይባልም። አያቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ በየጊዜው ይጠጡ የነበረው ሚጥሚጣው እንደማያድን ስለሚያውቁ ነው። ጥሬ የሚወድ ይብላ፤ እኔም እበላለሁ። ከበላ በኋላ ግን ሰውነቱን ይከታተል፣ ምልክት ካየም ሐኪም ጋ ይሂድ፤ በአንድ መጠን የሚወሰድ መድኃኒት አለው።

«ነጭ እንጀራ ጥሩ እንጀራ ነው»

ማኛ ጤፍ ነጭ እንጀራ እንደሚያወጣ እውነት ነው። ነገር ግን ሩዝ ሲቀላቀልም እንጀራ ይነጣል። በቀለም አትፍረዱ፤ በጣት እጠፉት። የጤፍ እንጀራ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፣ ዓይኑ ብዙ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል። ሰርገኛውን ጠይቃችሁ ካገኛችሁ፣ ለሽሮ ከሱ የተሻለ የለም።

«ኮከቡ 4.8 ነው፣ አስተያየቱም ሁለት ሺህ»

በስልክ ካርታ ላይ ኮከብ የሚሰጠው ማነው? ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ ከሆቴሉ ብዙም ሳይርቅ የበላ። ንጽሕናውን፣ ዋይፋዩን፣ አስተናጋጁ እንግሊዝኛ መቻሉን ጭምር ነው የሚለካው። ቄራ አካባቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ዱለት የሚበላው ሰው ኮከብ አይሰጥም፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል። በቲክቶክ «እዚህ ቤት ሳትበሉ እንዳትሞቱ» የሚለው ወጣትም ተከፍሎት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙ ቤት ፈርሷል ወይም ቦታ ቀይሯል፤ የድሮው ምልክት ግን ካርታው ላይ ሊቀር ይችላል። ባለፈው አንድ እንግዳ ይዤ በካርታ ተመርተን ደርሰን ያገኘነው የብስክሌት መንገድ ነው። መንገዱ ያምራል፣ ክትፎ ግን የለውም። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

«የባህል ምግብ ቤት ዋናው የሐበሻ ምግብ ያለበት ነው»

እስክስታው፣ ማሲንቆው፣ ጉራግኛው፣ ወላይትኛው... ለዚያ ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ፤ ውጭ አገር ለተወለዱት በተለይ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ግን የትርዒቱ ዋጋ ነው፣ ወጡ አጃቢ ነው። ምሳችሁን ሌላ ቦታ በልታችሁ ማታ ለጭፈራውና ለጠጁ ብትሄዱ ይሻላል።

«ሜኑው ላይ ያለውን ነው የምከፍለው»

ደህና ደህና በሚባሉት ቤቶች ሜኑ ግርጌ ላይ በደቃቁ የተጻፈች መስመር አለች፦ ዋጋው ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም። ቫት 15 በመቶ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያው ብዙ ቦታ 10። ሰው ደምሮ 25 ይላል። ቫቱ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ሲሆን ግን 26.5 በመቶ ይሆናል። 1,000 ብር የተባለው ምግብ መጀመሪያ 1,100 ይገባል፣ ከዚያ 1,265። አራት ሆናችሁ እኩል እኩል ብትበሉ አምስተኛ ሰው ጋብዛችኋል ማለት ነው፤ አምስተኛው ግን አልመጣም። ትናንሾቹ ቤቶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የተባለው ዋጋ ዋጋ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታዙ ጠይቁ።

«እዚህ መጥቼ ፓስታ አልበላም»

ይህን የሚለው በተለይ ከውጭ የመጣው ነው፤ አይፈረድበትም። ግን ፓስታ እዚህ እንግዳ አይደለም። ፒያሳም መርካቶም ስማቸው ጣሊያንኛ ነው፣ ማኪያቶውም እንደዚያው። ጣሊያን በ1928 በጉልበት ገብቶ በ1933 ሲወጣ ፓስታውም፣ ቡና በማሽን የማፍላት ልማዱም ቀሩ፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ በርበሬ ጨምሮ፣ አንዳንዴም በእንጀራ ጠቅልሎ የራሱ አደረጋቸው። አንድ ቀን ምሳችሁን ፓስታ ብታደርጉት ከተማዋን አልከዳችኋትም።

«ሰው ጠይቅ፣ ይነግርሃል»

ይነግራችኋል፤ ግን ለእንግዳ የሚገባ ብሎ ያሰበውን ነው። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ስትሉት ልብሳችሁን፣ ሻንጣችሁን ያያል፤ አሳንሶ ላለማስቀየም ሲል እሱ ራሱ ገብቶበት የማያውቀውን ባለ ሊፍት ሕንፃ ይጠቁማችኋል። ይሉኝታ ነው፣ ክፋት የለውም።

ጥያቄውን ቀይሩት። እኔ ከመገናኛ የተሳፈርኩበትን የራይድ ሹፌር «ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ ምሳህን የት በላህ?» አልኩት። በመስታወት አየኝና ሳቀ። «ለእርስዎ የሚሆን አይደለም» አለ። «ግድ የለም፣ ውሰደኝ» አልኩት። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ምልክት የሌለው የቆርቆሮ በር። ሦስት አግዳሚ፣ አንዲት እናት፣ አንድ ምግብ፦ በሸክላ የምትንተከተክ ሽሮ፣ ከቃሪያ ጋር። ሰዓቱ 8 ተኩል ሆኗል። «አልቋል ልጄ፣ ነገ በ6 ሰዓት ና» አሉኝ። በነጋታው ለ6 ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሹፌሩም ቀድሞኝ ተቀምጦ ነበር።