የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የቤተሰብ ሕጉ መሻሻል

የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጸደቀ ማግስት በሴት የሕግ ባለሙያዎች የተቋቋመና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ ቀደም ሲል በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኝነት ያገለገሉና ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ በሕግ አማካሪነት የሠሩ ሲሆኑ፣ ማኅበሩንም በዳይሬክተርነት መርተዋል። ማኅበሩ ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጥናት ያካሂዳል፤ ሴቶችን የሚጎዱ ሕጎች እንዲሻሻሉም ይሟገታል። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ ማን እንደደከመለት ስለማይናገር፣ ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ እንደ ተራ ነገር የሚታየው መብት የእነዚህ ሴቶች የድካም ፍሬ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ከማኅበሩ በፊት የነበረው ታሪክ ረጅም ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ፤ አርበኛዋና መምህርቷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ።

ይሁን እንጂ በምርጫ ጣቢያ የተገኘው እኩልነት ወደ ቤት አልገባም ነበር። ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይሰይማል፤ ሚስትም ሕግን በማይቃረን ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። የመኖሪያውን ስፍራ የሚመርጠው ባል ነበር። የጋራ ሀብቱን የሚያስተዳድረውም እርሱ ነበር። ባል የሚስቱን ግንኙነቶች የመከታተልና በአኗኗሯ የመምራት ሥልጣን የተሰጠው ሲሆን፣ ሠራተኛ መቅጠር በማይቻልበት ቤት የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ በሚስት ላይ ተጥሎ ነበር። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት ግን 15 ዓመት ነበር። ሕጉ በዘመኑ የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ የተቆጠረ መሆኑ አይካድም፤ በጋብቻ ጉዳይ ግን ሚስትን በባሏ ሞግዚትነት ሥር ያኖረ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ ውስጥ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ከአሮጌው ሕግ ጋር ያለው ቅራኔ ግልጽ ሆነ። ማኅበሩም በዚህ ቅራኔ ላይ አተኩሮ ሠራ። አባላቱ የትኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ከየትኛው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭ በማሳየትና የሕዝብ ውይይት በመቀስቀስ ለሕጉ መሻሻል ተሟገቱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲወጣ፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ሆነ፤ «የቤተሰብ ራስ» የሚለው ሹመት ቀረ፤ የጋራ ሀብትን ማስተዳደር የባልና የሚስት የጋራ ሥልጣን ሆነ፤ የጋራ የሆነ ቤትን ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥም ተከለከለ። ቀድሞ በሽማግሌዎች እጅ የነበረው የፍቺ ውሳኔ ለፍርድ ቤት ተሰጠ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ጥንዶችም፣ ኑሯቸው ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን መደንገጉ ባዶ እጇን ከቤት ትወጣ ለነበረች ሴት ትልቅ ለውጥ ነበር። አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው፤ ትግራይ ቀድማ ያወጣች ሲሆን ኦሮሚያና አማራ በ1995 ተከትለዋል።

ቀጣዩ ጥያቄ ጠለፋ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ካገባች የወንጀል ክሱ ይቀር ስለነበር፣ የሽማግሌ ዕርቅ ለጠላፊው ማምለጫ ይሆን ነበር። ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም በግልጽ ወንጀል አድርጓል።

በየካቲት 1993 የማኅበሩ አባላትና ደጋፊዎች በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በመቃወም በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ግን የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደ። በመንግሥት በኩል የተሰጠው ምክንያት ማኅበሩ ከተቋቋመበት ዓላማ ውጭ ሠርቷል የሚል ሲሆን፣ ብዙዎች እንደሚያምኑት ግን እገዳው የመጣው በአንዲት የጥቃት ሰለባ ጉዳይ ላይ ማኅበሩ የፍትሕ አካላትን በአደባባይ በመተቸቱ ነው። እገዳው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በ1994 መጀመሪያ ተነሥቷል።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቹም ተሰናበቱ። ክልከላው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተነሥቷል።

ወይዘሮ መዓዛ በኋላ በሴቶች ግንባር ቀደምትነት የተመሠረተውን የእናት ባንክ ቦርድ በሰብሳቢነት መርተዋል። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው፤ በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ እስከ ጥር 2015 አገልግለዋል።