የፍላይ ማጥመጃ ገመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዴንቨር የሚኖር አንድ ሐበሻ ጓደኛዬ ፍላይ ፊሺንግ (በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ) ሊጀምር ተነሳ። ሮዱን (የማጥመጃውን ዘንግ) ተዋሰ፣ ሪሉን (የገመዱን መጠምጠሚያ) በቅናሽ ገዛ። ገመዱ ላይ ሲደርስ ግን 130 ዶላር ከፈለ። «ምን ላድርግ፣ ሻጩ ገመድ ላይ አትቆጥብ አለኝ» አለኝ። ሻጩ የነገረው ግማሽ እውነት ነው። ገመድ ከሪል በላይ ለውጥ ያመጣል። ዋናው ነገር ግን ዋጋው ሳይሆን ከሮዱና ከውሃው ጋር መግጠሙ ነው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ላስቀድም። በተለመደው ማጥመጃ እርሳሱ ወይም ከባዱ ማባበያ ቀጭኑን ገመድ ጎትቶ ይሄዳል። በፍላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንጠቆው ላይ በላባና በክር የተሠራችው «ዝንብ» ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ክብደቱ ያለው ገመዱ ውስጥ ነው። የምንወረውረው ገመዱን ነው፣ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ገመዱ ወፍራምና በፕላስቲክ የተለበጠ የሆነው።

የማወራው ትራውት የሚባለው ዓሣ ስለሚኖርበት ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ከፍታ ላይ ያለ። ኮሎራዶ ውስጥ እንደ ድሪም ሌክ ያለ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ አለ። እኛም አገር አለን። ትራውት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ውስጥ ተለቋል። ዲንሾ አጠገብ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ይገኛል። ከፍታው ከድሪም ሌክ ብዙም አይርቅም። እዚያ የሚሠራ ገመድ እዚህም ይሠራል።

«ውድ ገመድ ሩቅ ይወረውራል»

ሠላሳ ሜትር ለመወርወር ለሚታገል ሰው ትንሽ ይረዳዋል። ሽፋኑ ያንሸራትታል፣ በሮዱ ቀለበቶች ውስጥ ሳይይዝ ያልፋል። ግን የተራራ ወንዝ ላይ ሠላሳ ሜትር ማን ይፈልጋል? ወንዙ ራሱ አንዳንድ ቦታ በአምስት እርምጃ ይሻገሩታል። ዓሣው ከድንጋይ ኋላ፣ ከእግራችሁ ስድስትና ሰባት ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚያ ርቀት ላይ ከገመዱ አብዛኛው ሪሉ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። የከፈላችሁበት ሩቅ የመሄድ ችሎታም አብሮ ይቀራል።

ታዲያ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ለሚያንሸራትት ሽፋን፣ ለማይለጠጥ ውስጠኛ ክር፣ የት ድረስ እንደለቀቃችሁ ለሚያሳይ ባለ ሁለት ቀለም ገመድ። ጥሩ ነገሮች ናቸው፣ አልክድም። ጫፉ ላይ ተበይዶ የሚመጣው የክር ማሰሪያ ቀለበት ግን ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው ገመዶች ላይም አለ።

ወደታችም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስሙ የማይታወቅ የ15 ዶላር ገመድ ገዝቼ አውቃለሁ። ከሪሉ ሲወጣ እንደ ስልክ ሽቦ ተጠምልሎ ቀረ። ብጎትተው፣ ብወጥረው አልፈታ አለ። በሁለተኛው ወር ጫፉ መስጠም ጀመረ። የሚንሳፈፍ ገመድ የሚንሳፈፈው ሽፋኑ ውስጥ በተቀበሩ ዓይን የማያያቸው ባዶ የመስታወት ኳሶች ነው። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ውሃ ወደ ውስጠኛው ክር ይገባል፣ ጫፉም ይከብዳል።

ለገንዘቡ የሚሆነው እንግዲህ መሀሉ ነው። ከታወቀ አምራች ከ40 እስከ 60 ዶላር የሚሸጠው። ከዚያም የሚሻለው አምራቹ ስሙን ወይም ቀለሙን ሲቀይር በቅናሽ የሚወጣው የአምናው ገመድ ነው። ዓሣው የካርቶኑን ዓመተ ምሕረት አያነብም።

«ሮዱ ላይ 5 ተጽፏል፣ ስለዚህ ማንኛውም 5 ቁጥር ገመድ ያው ነው»

ይሄ ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

የገመዱን ክብደት የሚናገረው ይህ ቁጥር የመጣው ከአሜሪካ የማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያየው የገመዱን የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር ብቻ ነው። የሚመዘነው በ«ግሬይን» ነው፤ ከእህል ፍሬ ክብደት የመጣ ጥንታዊ መስፈሪያ ነው፣ አንዱ 0.065 ግራም ገደማ ይሆናል። 4 ቁጥር 120 ግሬይን፣ 5 ቁጥር 140፣ 6 ቁጥር 160 ነው። 5 ቁጥር በግራም 9 ገደማ መሆኑ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? የዛሬ ሮዶች ብዙዎቹ ጠንካራና ፈጣን (ተጎንብሰው ቶሎ የሚቃኑ) ናቸው። ጀማሪ በትክክለኛ 5 ቁጥር ሲወረውር ሮዱ የሚጎነበስ አይመስለውም። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ሆን ብለው ግማሽ ወይም ሙሉ ቁጥር ያከብዱታል። ካርቶኑ ላይ 5 ይላል፣ ውስጡ ያለው 6 ነው። ማጭበርበር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ግን ማን ያነባል።

ፈጣን ሮድ ላላችሁ የከበደው ገመድ ይስማማችኋል። ለስላሳና የቆየ ሮድ ላይ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ይንጠለጠላል። ትንሽ ጥርት ያለ ኩሬ ላይም ከብዶ ያርፍና ዓሣውን ያስደነግጣል።

ቤት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን አምጡ። የመጀመሪያውን 9.14 ሜትር ለክታችሁ ጠቅልላችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። የቀረው ሚዛኑን ሳይጫን ጠረጴዛው ላይ ይተኛ። 9 ግራም ገደማ ካነበበ እውነተኛ 5 ነው። 10.4 ካለ 6 ይዛችኋል። ያ 130 ዶላር የከፈለው ጓደኛዬ ገመዱን መዘነው። 10 ግራም አለፈ። ሮዱ ደግሞ የአባቱ ጓደኛ ያዋሰው የድሮ ለስላሳ ሮድ ነው። «ለዚህ ነው ለካ የሚንጠለጠልብኝ!» አለ።

«ደብል ቴፐር የሚባለው ገመድ ጊዜው ያለፈበት ነው»

ገበያው ላይ የሚገፋላችሁ «ዌይት ፎርዋርድ» የሚባለው ነው። ክብደቱ ፊት ለፊት ተሰብስቦ፣ ኋላው ቀጭን ሆኖ ይቀጥላል። ለሩቅ ውርወራና ለነፋስ ጥሩ ነው፣ ለሐይቅም እመርጠዋለሁ።

ደብል ቴፐር ግን በሁለቱም ጫፍ እኩል እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ትንሽ ወንዝ ላይ በ9 ሜትር ውስጥ የሁለቱን ልዩነት እጃችሁ እምብዛም አይለየውም። ትርፉ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ጫፍ ሲያልቅ ገመዱን ከሪሉ አውጥታችሁ ትገለብጡታላችሁ። ያልተነካ አዲስ ጫፍ ታገኛላችሁ። በአንድ ዋጋ ሁለት ገመድ ማለት ነው! ዌብን ለመሰለ ወንዝ እኔ የምይዘው 4 ወይም 5 ቁጥር ደብል ቴፐር ነው። ለነገሩ ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባል የለ፣ መግዛቱም ላይ ይሠራል። ባሌ የምትሄዱ ከሆነ ስለ ፈቃድ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ብርቱካናማ ገመድ ዓሣ ያባርራል»

ዓሣው ከታች ወደ ሰማይ ሲያይ ማንኛውም ገመድ ጥቁር መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። የሚያስደነግጠው ጥላውና እንቅስቃሴው ነው፣ የእኛም ቁመት። ገመዱና ዝንቧ መሀል ደግሞ ሊደር የሚባለው 2.7 ሜትር ገደማ ግልጽ ክር አለ። ደማቁን ግዙ፣ ለራሳችሁ ዓይን ይጠቅማል።

«ለሐይቅ የሚሰምጥ ገመድ ግድ ነው»

ሰው ሐይቅ ሲያይ ጥልቁን ያስባል። የትራውት ምግብ ግን አብዛኛው ያለው ፀሐይ ታች ድረስ ደርሳ አረም በምታበቅልበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ጠዋትና ማታ ዓሣው እግራችሁ ሥር ይመጣል። በሚንሳፈፍ ገመድ፣ ሊደሩን አራት ሜትር አድርጋችሁ፣ ትንሽ ክብደት ያላት ዝንብ ብታስሩ ሁለት ሜትር ድረስ ትሠራላችሁ። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቀትር ላይ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ዓሣው ይወርዳል። ያኔ የሚሰምጠው ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ «ታይፕ 3» ከተባለ በሰከንድ 3 ኢንች፣ ወደ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ሦስት ሜትር ለመድረስ 40 ሰከንድ ትቆጥራላችሁ። «ታይፕ 6» በ20 ሰከንድ ይደርሳል። ሁለተኛ ገመድ ለመግዛት አቅሙ ካለ ግን እኔ የምመክረው ቀስ ብሎ የሚሰምጠውን «ኢንተርሚዲየት» ነው። ከማዕበሉ ሥር ገብቶ ቀጥ ይላል፣ አረሙ ውስጥም ቶሎ አይቀበርም።

«ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ አይታይም»

ፍሎሮካርቦን እንደ ናይለን ሁሉ የሊደር ክር የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ከናይለን ያነሰ ይታያል እንጂ አይሰወርም። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ነው፣ ውሃ 1.33፣ ናይለን 1.5 ገደማ፤ ቁጥሩ ለውሃው በቀረበ መጠን ክሩ ያነሰ ይታያል። ደግሞ ከናይለን ይከብዳል፣ ስለዚህ ውሃ ላይ ለምትንሳፈፍ ዝንብ ተመራጭ አይደለም። ዋጋውም ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ለሰመጠች ዝንብ ይሁን፣ ለቀረው ናይለን ይበቃል።

«ገመድ በየዓመቱ ይቀየራል»

ድሮ ገመድ ከሐር ይሠራ ነበር። ቅባት ይቀባል፣ ማታ ማታ ካልደረቀ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ የፕላስቲክ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ሲስፋፉ ያ ጣጣ ቀረ። ዛሬ በደንብ የተያዘ ገመድ ብዙ ዓመት ይቆያል። «አለቀ» የሚባለው ገመድ ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ነው።

ገመዱን የሚገድሉት ሌሎች ናቸው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ በተለይ ደግሞ የትንኝ መከላከያ። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ተቀብታችሁ ከሆነ እጃችሁን በአሸዋ አሹት፣ ታጠቡት፣ ከዚያ ገመዱን ያዙ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። እኔ ሐምሌ ላይ ሪሉን መኪናው መስታወት ሥር ረስቼ ውዬ፣ ማታ ሳወጣው ሽፋኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘሁት። 55 ዶላር ሄደ።

እጥበቱ ቀላል ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና። ገመዱን ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ክተቱት፣ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ መሀል እየሳባችሁ አውጡት። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጨርቁ ላይ የሚቀረውን ጥቁረት ስታዩ ታምናላችሁ። ጓደኛዬም ያንን ከባድ ገመዱን ለሌላ ሰው ሸጦ፣ የእኔን አሮጌ ደብል ቴፐር አጥቦ፣ ገልብጦ እየወረወረበት ነው። እስካሁን አልመለሰልኝም።