«ሊተን»፦ «ትንሽ» የሚለው ቅጽል በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች

ሊተን በኖርዌይኛና በስዊድንኛ «ትንሽ» ማለት ነው። የመጣው ሊቲል ከሚለው የጥንታዊ ኖርስ (የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የወጡበት የጥንት ቋንቋ) ቅጽል ነው። አማርኛ «ትንሽ»ን ሲያበዛ «ትናንሽ» የሚለው ሥሩን ሳይለቅ ነው፤ በኖርዌይኛ፣ በስዊድንኛና በዴንማርክኛ ግን ነገሩ ሲበዛ ቃሉ ራሱ ይለወጥና «ስሞ» ይሆናል።

ከሦስቱ የቃሉን መልኮች አሟልቶ ያቆየው ኖርዌይኛ ነው። ትንሽ ወንድ ልጅ «ሊተን ጉት»፣ ትንሽ ሴት ልጅ «ሊታ የንተ»፣ ትንሽ ቤት ደግሞ «ሊተ ሁስ» ይባላሉ። ተለይቶ ለታወቀ ነገር «ሊለ» ወይም «ቬስለ» ይገባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1994ቱን የክረምት ኦሊምፒክ ያስተናገደችው የሊለሃመር ስም «ትንሿ ሃመር» ማለት ሲሆን፣ ሃመር ከምትባለው ከተማ ይለያታል። አንዳንዶች «ሊታ»ን የገጠር አነጋገር አድርገው ይቆጥሩታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ኖርዌይ እስከ 1814 በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ስለነበረች የጽሕፈት ቋንቋዋ ዴንማርክኛ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ ከእርሱ የወጣው ቡክሞል የተባለው የጽሕፈት ኖርዌይኛ ዛሬም «ሊተን የንተ» ማለትን ይፈቅዳል። የቋንቋ ተመራማሪው ኢቫር ኦሰን ግን ከ1842 ጀምሮ በየአውራጃው እየተዘዋወረ የሕዝቡን አነጋገር ሰበሰበ። በዚያ ላይ የተገነባው ኒኖሽክ የተባለው ሌላው የጽሕፈት ኖርዌይኛ አንስታይ ጾታን አጥብቆ ይዟል። እርግጥ በበርገን ከተማ አነጋገር አንስታይ ጾታ ስለጠፋ «ሊታ» አይሰማም።

ስዊድንኛ «ሊተን» እና «ሊተት» አለው፤ ለታወቀው «ሊላ»፣ ለወንድ ሰው ደግሞ «ሊለ» ይላል።

በዴንማርክኛ «ሊለ» የነጠላውን መልክ ሁሉ ጠቅልሏል። «ትንሽ ቤት» ለማለትም ሆነ በ1913 በኮፐንሃገን የቆመችውን «ትንሿ የባሕር ልጃገረድ» የተባለች ሐውልት ለመጥራት ያው «ሊለ» ነው።

አይስላንድኛ ሦስት ጾታና አራት ሙያ (ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለው ሚና የሚይዘው መልክ) ስላለው ቅጽሉ ብዙ መልክ ያወጣል፤ ለብዙ ቁጥርም «ሊትሊር» እያለ የራሱን ሥር ይረባል። ለማወዳደር ሲሆን ግን ሁሉም ወደ ሌላ ሥር ይሻገራሉ፦ አይስላንድኛ «ሚኒ»፣ ሦስቱ «ሚንድረ» ይላሉ።

የፋሮ ሰዎች ቋንቋ ለአይስላንድኛ የቀረበ ነው። ከ18ቱ ዋና ዋና ደሴቶቻቸው ትንሿ ስሟ «ሊትላ ዲሙን» ነው፤ ሰው የማይኖርባትም እርሷ ብቻ ናት።