ክብደትና ምጥ ማስጀመር፦ ጅማ ውስጥ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሂርማታ ገበያም ይሁን ጎረቤት ቡና ላይ፣ ሰውነቷ ከበድ ያለ ነፍሰ ጡር ስትታይ ምክር የማይሰጣት የለም። ከምክሩ ውስጥ እናትና ልጅን የሚጎዳ ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ከበድ ያለ» የምለው በእርግዝናው መጀመሪያ የነበረው ኪሎ ለቁመት (በሜትር) ሁለት ጊዜ ሲካፈል 30 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ነው። ቁመቷ 1.60 ለሆነ ሴት 77 ኪሎ ገደማ ነው።

«ወፍራም ስለሆንሽ ቀድመሽ ውለጂ»
ክብደት ብቻውን ከ39 ሳምንት በፊት ምጥ ለማስጀመር ምክንያት አይሆንም። ቀኑን የሚያስቀድሙት እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያሉ ችግሮች ናቸው። ከበድ ባሉ እናቶች ላይ ስለሚበዙ ነው ነገሩ የሚምታታው።

«ፈጣሪ ባለው ቀን ይመጣል፣ ጠብቂ»
ክብደት ሲጨምር ቀን የማለፍ ዕድሉም፣ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ የመሞት አደጋውም ይጨምራል። ስለዚህ 39 ሳምንት ሲሞላ ስለማስጀመር ከሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። 41 ሞልቶ ምጥ ካልመጣ ግን እቤት መቀመጥ የለም።

«የምጥ ጉልኮስ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው»
ብዙ እናቶችን ያስፈራው ይህ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ6,000 በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ፣ ሌላ የጤና ችግር የሌለባቸውን እናቶች አወዳድሮ ነበር። በ39 ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው 18.6 በመቶ፣ ከጠበቁት 22.2 በመቶ በኦፕራሲዮን ወለዱ። እውነቱ ከበድ ላለች እናት ምጡ መርዘሙ ነው፤ የማህፀን ጫፍ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ኦክሲቶሲንም (በጉልኮስ የሚሰጠው የምጥ መድኃኒት) ብዙ ይጠይቃል። እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ፣ የሽርት ውሃው ፈሶ ኦክሲቶሲን ከተያዘ በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሳይሞላ «አልሠራም» መባል የለበትም። ቸኩሎ የተቀደደ ሆድ በእሷ ላይ ቁስሉ ቶሎ ያመረቅዛል፣ ደም የመርጋት አደጋውም ይብሳል። ቤተሰብም በር ላይ ቆሞ «ለምን አታወጡላትም?» እያለ ባያጣድፍ እላለሁ።

«ዘጠኝ ወሬ ሞላ»
ለእኔ ዋናው ይህ ነው፤ ቀኑ ከተሳሳተ ውሳኔው ሁሉ ይሳሳታል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን ሲቆጠር 280 ቀን ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ጳጉሜን በመሐል ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ከ4 ቀን)። ከበድ ባሉ ሴቶች የወር አበባ ብዙ ጊዜ ይዛባል፣ ሆድ ለክቶ መገመትም ያሳስታል። ስለዚህ ከ24 ሳምንት በፊት አልትራሳውንድ መነሣት ነው፤ ቀደም ባለ ቁጥር ቀኑ ይበልጥ ይታመናል። ከዴዶ ወይም ከሰቃ ለምትመጣ እናትም ለዚህ የወጣ የመንገድ ገንዘብ አይቆጭም።

«ምጥ የሚያስጀምረውን ኪኒን ገዝቶ ቤት መውሰድ ይቻላል»
በፍጹም። በተለይ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ምጥ የሚጀመረው የጽንሱን የልብ ምት የሚከታተል ባለሙያና የኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ሆስፒታል ብቻ ነው።