የጠፋ ጠርዝ ምንድን ነው?

ጸጥ ያለ ወደብ የተሣለበት የውሃ ቀለም ሥዕል ሆድ የሚያባባው ከቀለሙ ይልቅ በጠርዙ ነው። የጠፋ ጠርዝ የሚባለው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ መስመራቸው ሳይታይ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚሟሟበት ቦታ ነው፤ የጀልባው ሆድ ከጥላው፣ የማዶው ኮረብታ ከሰማዩ ጋር። ትዝታም እንዲሁ ነው፦ ዝርዝሩ ይደበዝዝና አንድ ሁለት ነገር ብቻ ጠርቶ ይቀራል። ሥዕሉ ያረጀ እንዲመስል ቡናማ የሚያለብሱት አሉ፤ የሚያተርፉት ቆሻሻ ውሃ ነው።

ይህን ለማየት ባሕር ድረስ መውረድ አያስፈልግም። ጭጋግ ባለበት ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገፈርሳ ግድብ ዳር ለቆመ ሰው ማዶው ከውሃው የት እንደሚለይ አይታየውም።

አሠራሩ የሚመዘነው በወረቀቱ ወዝ ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ጣውላ ላይ ዙሪያውን በቴፕ ይለጠፍና ጣውላው ከራስጌው ትንሽ ቀና ይላል። ወረቀቱ በንጹህ ውሃ ርሶ ሲያብለጨልጭ ሰማዩ ሻይ በመሰለ ቀጭን ቀለም ይቀባል። ብልጭታው ወደ ደብዛዛ ወዝ ሲወርድ ኮረብታውና የሩቅ ጀልባዎች ወተት ያህል በወፈረ ቀለም ይገባሉ። ለግራጫው አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ይበቃሉ፤ ሲደርቅ ስለሚፈዝ ከሚፈለገው ጠቆር ይደረግ። ወዙ ጨርሶ ከጠፋ መቀባቱ ይቁም። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከቀዘቀዘ ገና ነው።

በዚህ ሰዓት ውሃ የጠገበ ብሩሽ የነካው ወረቀት አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ያወጣል፤ አዲሱ ውሃ ያልደረቀውን ቀለም ገፍቶ ዳር ላይ ያከማቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ቀለም የሚያስገባው ብሩሽ ሁልጊዜ በጨርቅ ይጠረግ።

ሱሉልታና ለገጣፎ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በበጋው ደረቅ ነፋስ፣ ሁለተኛው ቀለም ሳይበጠበጥ ወዙ ይጠፋል። ቀለሞቹ ሁሉ አስቀድመው ይበጥበጡ፤ ወረቀቱም ከመለጠፍ ይልቅ በጀርባውም ርሶ ፕላስቲክ ላይ ይነጠፍ። በክረምት ደግሞ አልደርቅ ይላል። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ይረዳል፣ መብራት ካለ፤ ውሃው ኩሬ ሠርቶ ሳለ ከተነፋበት ግን ቀለሙን ይገፋዋል።

የጀልባው ነጸብራቅ የጀልባው ግልባጭ አይደለም። የነጭ ጀልባ ነጸብራቅ ከጀልባው ትንሽ ይጠቁራል፣ የጥቁሩ ትንሽ ይነጣል። መገናኛቸው ሳይደርቅ በረጠበ ንጹህ ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል፤ ሁለት ሦስቴ መደባበስ ጭቃ ያደርገዋል።

ሁሉም ጠርዝ ከጠፋ ግን ሥዕሉ ዝናብ የመታው ወረቀት ይመስላል። ወረቀቱ ፍጹም ከደረቀ በኋላ የቅርቡ ጀልባ አፍንጫና ምሰሶው በቀጭን ብሩሽ ጥርት ብለው ይሠሩ፤ ከጎናቸው ያለው ብርሃን ያልተቀባ ወረቀት ሆኖ ይቅር።