ቫሪዬሽን ምንድን ነው?

ፒያሳ አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረ ግንባታ አጠገብ ትንሽ ብትቆሙ "ቫሪዬሽኑ ገና አልጸደቀም" የሚል ወሬ ጆሯችሁ ሊገባ ይችላል። ሥራው ቆሟል። ሠራተኛው ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። ፎርማኑ ስልክ ላይ ነው።

ቫሪዬሽን ውል ከተፈረመ በኋላ በሥራው ላይ የሚታዘዝ ለውጥ ነው። ሥራ ሊጨመር፣ ሊቀነስ ወይም በሌላ ሊተካ ይችላል። ወግ ባለው አማርኛ "የሥራ ለውጥ ትዕዛዝ" ይባላል፤ ሳይት ላይ ግን እንዲህ የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ከመጠን መብለጥ ጋር ባታምታቱት ጥሩ ነው። ሥዕሉ ሳይነካ ቁፋሮው ከተገመተው ቢበዛ፣ ውሉ በልኬት የሚከፈል ከሆነ ተለክቶ ይከፈላል፤ አለቀ። ቫሪዬሽን የሚመጣው ሥዕሉ ወይም የሥራው ዓይነት ሲቀየር ነው። እሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሲታዘዝ።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ቁልቁለት ላይ የወረዳ ጽሕፈት ቤት እየተሠራ ነው እንበል። ዲዛይነሩ ቦታውን ሜዳ አድርጎ ሣለው። (ፒያሳን ሜዳ ማለት ራሱ ድፍረት ነው።) ሕንፃው ሲቆም መግቢያው ከእግረኛ መንገዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ሥዕሉ ላይ ያለው ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ ደግሞ 3 ሜትር ብቻ ነው። በተለመደው የ1 ለ 12 ተዳፋት፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው፣ ብታሰሉት 10.8 ሜትር ይፈልጋል፣ ማረፊያው ሳይቆጠር። "ይቅር" ብሎ ማለፍም አይቻልም። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚሆን መግቢያ ሊኖረው ግድ ነው።

ታዲያ ማን ይከፍላል? ተቋራጩ "የተሰጠኝን ሥዕል ሠራሁ" ይላል። እውነቱን ነው። ሥዕሉን የሰጠው ባለቤቱ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ነው። ስለዚህ ማፍረሻውም መልሶ መሥሪያውም መጀመሪያ ከከተማው ካዝና ይወጣል።

ጭቅጭቁ የሚደምቀው ዋጋ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ከነዋጋው በሰፈረበት የሥራ ዝርዝር፣ ሳይት ላይ ቢኦኪው በሚሉት፣ ተመሳሳይ ሥራ ካለ በዚያው ነጠላ ዋጋ ይሠራል። ከሌለ የሚቀራረበው መነሻ ይሆናል። እሱም ካልሆነ ድርድር ነው። የራምፑ አርማታ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ዋጋው ግን ሲሚንቶ ሳይወደድ የተሞላ ነው። የእጅ መደገፊያው ብረት ጭራሽ የለም። ተቋራጩ በአርማታው የሚያጣውን በመደገፊያው ሊያካክስ ይሞክራል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ሥራው የቆመበት ቀን ሁሉ ደግሞ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ቫሪዬሽን ሁሉ የስህተት ውጤት አይደለም። አንድ ኃላፊ መጥቶ አዳራሹ ይስፋ ቢል ያም ቫሪዬሽን ነው። መሬቱ ሲቆፈር ያልታሰበ ነገር ቢገኝም እንዲሁ። እኔን የሚያስቆጨኝ ሦስቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቋንቋ መጻፋቸው ነው።

ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ አማካሪ መሐንዲሱ ነው። ብዙ ጊዜ ዲዛይኑን የሠራው ድርጅት ራሱ ግንባታውንም ይቆጣጠራል። ሥዕሉ ላይ የተሳሳተውም፣ ጥፋቱን የሚያርመውም፣ ምክንያቱን የሚጽፈውም አንድ ቤት ይሆናል ማለት ነው። ከተማው ዲዛይነሩን ካሳ መጠየቅ ቢፈልግ መነሻው ያቺ የምክንያት መስመር ናት። "የመሬቱ ከፍታ ሳይለካ ስለተሣለ" የሚል ከተጻፈ የሕግ ክፍሉ የሚይዘው ነገር አለው። በኛው ምሳሌ ግን "ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ" ተብሎ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ክፍያ ሄዷል።