«እጥፍ» ማለት የስንት እጥፍ ነው?

እህቶቼ፣ በደብረ ማርቆስ ቡድናችን «ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብሽ ተባልኩ፤ ካንሰር ያዘኝ ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ተደጋገመ። አይደለም። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች 10 ያህሉን ይይዛል። (የወር አበባ ሥቃይን «የሴት ወግ ነው» እያልን ስለምናልፈው ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ።)

የሚያስደነግጠው «የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን ዕድል በእጥፍ ይጨምራል» የሚለው አባባል ነው። ቡሬ ላይ 100 የቶምቦላ ቲኬት ተሸጠ እንበል። አንድ የያዘች ሴት ሁለተኛ ብትገዛ ዕድሏ እጥፍ ሆነ፤ 98ቱ ቲኬቶች ግን አሁንም በሌሎች እጅ ናቸው። በአሜሪካ ስሌት በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ሴቶች አንድ ወይም ትንሽ በለጥ ያሉ ናቸው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ደግሞ ሁለት ገደማ።

ዝምድና መኖሩ እርግጥ ነው፤ ጆን ሳምፕሰን የተባለ ሐኪም በ1925 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ካንሰር በሌለባቸው ሴቶች የኢንዶሜትሪዮሲስ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ የዘረ መል ለውጦችን አግኝቷል። ለውጡ ታየ ማለት ካንሰር ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

የሚለያየው የጭማሪው መጠን ነው። በእንቁላል ማምረቻ ላይ ቋጠሮ የሠራው እና ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባው ዓይነት ከላይ ላዩን ካለው ይበልጥ ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪማችሁን «የትኛው ዓይነት ነው? የት ቦታ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።